ለአንድ ጋርድ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኛ ሰዎች የፈለግነውን ነገር በቀጥታ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ወንፊት ልትዋስ ጎረቤት የሄደች ሴት በመጀመሪያ ስለ ልጆቹ ጤና፣ ቀጥላ ስለ ዝናቡ መዘግየት፣ ከዚያም ስለ በርበሬ መወደድ አውርታ፣ ተሰናብታ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ድንገት ትዝ እንዳላት ሁሉ፣ “ውይ! ለመሆኑ ወንፊታችሁ ባዶውን ነው?” ትላለች። የቤቱ እመቤት ግን ሴትዮዋ ገና ስትገባ ወንፊቱን ከተሰቀለበት አውርዳዋለች።

ይህን ልማድ አልነቅፍም። ዓይን አፋር ሰው ነኝና ከማንም በላይ ተጠቃሚዋ እኔ ነኝ። ብቻ ድንበር ተሻግሮ ናይሮቢ ድረስ ይከተለናል፣ ከዚያም አልፎ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ውስጥ ይገባል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ጊዜ ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር የአንድ ዲፕሎማት ልጆችን ሒሳብ አስጠና ነበር። ከዚያ ቤት ለመጣል ከተከመሩት አሮጌ መጽሔቶች በአንዱ ላይ ስለ አንድ ጨዋታ አነበብኩ። ሰዎች ተሰብስበው፣ በእውነት ከሚጫወቱ ተጫዋቾች መካከል እየመረጡ፣ በወረቀት ላይ የየራሳቸውን ቡድን ያቋቁማሉ። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ያገባው ነጥብ ለመረጠው ሰው ይቆጠራል። ተጫዋቹ ራሱ ነገሩን አያውቅም። ይህን፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ምግብ ቤት ላላቸው ለአቶ ታደሰ እሑድ ምሳ ስበላ ነገርኳቸው። ከአገሩ ወጥቶ የመኖሪያ ወረቀት የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ጊዜ አያጥረውም፤ በሳምንቱ ስምንት አባላት ተመዘገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚጋጠሙት የከተማው የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ተጫዋች መረጡ። እኔም ጸሐፊ ተባልኩና በየቅዳሜው ደብተሬን ይዤ ሜዳው ዳር መቀመጥ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ዙር ችግር ቁመት ነበር። ሁሉም ረጅም ረጅሙን መረጠ። ሻለቃ ደምሴ የተባሉት የቀድሞ መኮንንማ አምስቱንም ተጫዋች ሴንተር አደረጉ፤ ከቀለበቱ ሥር የሚቆሙ አምስት ግንዶች! ኳሷን ከታች ይዞ የሚመጣውን፣ ለሌላው የሚያቀብለውን አጭሩን ጋርድ የፈለገው የለም። ከጋሽ በራኺ በቀር። ጋሽ በራኺ በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ ጋርድ ሆነው የተጫወቱ አጭር ሰው ናቸው፤ ሌላው ሰማይ ሰማይ ሲያይ እሳቸው ምርጥ ምርጦቹን ሦስት ጋርዶች ያለ ተቀናቃኝ ለቀሙ። ሆኖም ነጥብ የሚቆጠረው ለሚያገባ ብቻ ነበርና ሻለቃው አሸነፉ። ውድድሩም ዛፍ እንደ መቁጠር አሰልቺ ሆነ።

ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር አዲስ ደንብ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሴንተር፣ በጎን የሚያጠቁ ሁለት ፎርዋርድ፣ ሁለት ጋርድ ይኖረዋል። ማን ምን እንደሆነ የሚወሰነው በኔ ደብተር ነው። ማቀበልም ነጥብ አለው። እስከ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ያልተሟላ ቡድን ከዙሩ ይወጣል። አቀርቅሬ አነበብኩት።

“አንገት ደፊ አገር አጥፊ!” አሉ ሻለቃው። “አራት ሰው አስጣለችኝ!”

ሻለቃው ተሯሩጠው ከሌሎች አባላት ጋር በመለዋወጥ ሁለት ፎርዋርድና አንድ ጋርድ አገኙ፤ ሁለተኛ ጋርድ ግን ጠፋ፤ አንድ ሴንተርም ተረፋቸው። ጋሽ በራኺ ደግሞ አንድ ጋርድ ተርፏቸው ሴንተር የላቸውም። መፍትሔው ለሕፃን እንኳ ግልጽ ነው፤ ይለዋወጡ። ችግሩ፣ ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም። ሻለቃው በሰሜኑ ጦርነት በአንድ በኩል ተዋግተዋል፤ የጋሽ በራኺ ታናሽ ወንድም በሌላው በኩል ወድቋል። በአንድ ምግብ ቤት እየበሉ አንዱ በሩ አጠገብ፣ ሌላው ወጥ ቤቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። እንደምን ዋሉ እንኳ የለም። ሁለቱ ከወጡ ደግሞ ወዳጆቻቸው ተከትለው ይወጣሉ፤ ማኅበራችንም አበቃለት።

ሻለቃው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላኩ።

አቶ ታደሰና ሁለት ሽማግሌዎች ኮት ለብሰው ማክሰኞ ዕለት ጋሽ በራኺ ቤት ሄዱ። እኔም ደብተሩን ይዤ ተከተልኩ። ተቀመጡ ሲባሉ፣ “የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም” አሉ።

“ምን ነበር?” አሉ ጋሽ በራኺ፣ ምን እንደነበር አሳምረው እያወቁ።

“ልጅዎን ኦቲዬኖን ለሻለቃ ደምሴ እንዲሰጡልን ነው።”

የተረፈው ጋርድ ኦቲዬኖ፣ ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ጭነት የሚያወርድ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ጋሽ በራኺ ግን አገጫቸውን ይዘው፣ “ልጁ ገና ነው” አሉ። “ለማንኛውም ከቤተ ዘመድ ልማከርና ዓርብ ተመለሱ።”

ዓርብ ተመለሱ። “እሰጣለሁ” አሉ ጋሽ በራኺ። “ግን ጠያቂው ራሱ ይምጣ።”

ሻለቃው ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ሽማግሌዎቹም ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። “ልጄ፣ ለአንድ ቅዳሜ ብቻ እለፊያቸው። በአምስት ፈንታ በአራት ቢጫወቱ ማንን ይጎዳል?” አሉ አቶ ታደሰ።

“አይሆንም” አልኩ። ከኔ አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ መውጣቱ እኔንም አስደነገጠኝ። “ለእሳቸው ካለፍኩ ለማን ልከለክል ነው?”

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሻለቃ ደምሴ ከተቀመጡበት ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሜዳው ዳር ዞረው መሄድ ሲችሉ ሜዳውን በመሃል አቋርጠው፣ የሚያሟሙቁትን ተጫዋቾች አልፈው፣ ጋሽ በራኺ ፊት ቆሙ።

“እንደምን ዋሉ፣ አቶ በራኺ።”

ጋሽ በራኺ ቀና ብለው አዩዋቸው። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አሉ በመጨረሻ፣ ቦታ እየለቀቁላቸው። “ይቀመጡ፤ ፀሐዩ አይቻልም።”

ሁለቱንም ስሞች አዛውሬ ጻፍኩ። አራት ደቂቃ ይቀር ነበር።

ከጨዋታው በኋላ ኦቲዬኖ ላቡን እየጠረገ መጣ። አቶ ታደሰ አላስችል ብሏቸው ነግረውታል። “እውነት ነው? ለኔ ሽማግሌ ተልኮ ነበር?” አለኝ በእንግሊዝኛ። አዎ አልኩት። በእነሱም ባህል ያለ ነገር ነውና ደረቱን ነፋ። “ንጎምቤ ንጋፒ?” አለ በስዋሂሊ። ስንት ላም ተሰጠልኝ ማለቱ ነው።

ላም እንደሌለ፣ በረጅሙ የፖሊስ ቡድን ሴንተር እንደተለወጠ አስረዳሁት።

“ኳስ ከእጁ በሚያመልጠው ሰውዬ?” ፊቱ ጠቆረ።

ይህን ለሁለቱ ሰዎች ተረጎምኩላቸው። ጋሽ በራኺ ወደ ሻለቃው ዞሩ። “ልጁ እውነቱን ነው፤ አታለሉኝ። ይጨምሩ!”

“ምን? የተበላ ጥሎሽ ይጨመርበታል እንዴ?” አሉ ሻለቃው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው ጎን ለጎን ተቀምጠው በዚሁ ይጨቃጨቃሉ። ደንብሽ ምን ይላል እያሉም ይጠይቁኛል። ደንቤ ስለ ጥሎሽ ምንም አይልም። አንዲት አንቀጽ ጨምሬ ነገሩን መቁረጥ እንደምችል አላጣሁትም፤ ግን ከተቆረጠ በኋላ ምን ሊያወሩ ነው?