ብየዳ ፈታኞች በሰበታ መንገድ ላይ

ሰውን ማመን ከባድ ነው፤ ብየዳን ማመን ግን ይብሳል። ሰው ቢያንስ ፊቱ ይነበባል። ለዚህም ይመስለኛል አገሮች «ኮድ» የሚባል የብየዳ ሕግ የጻፉት። ታዲያ ጠባያቸው ለየቅል ነው። የአሜሪካኖቹ የሕንፃ ብረት ኮድ፣ ዘመን ያስቆጠረ አበያየድን በደንቡ መሠረት እስከጻፋችሁት ድረስ «ይህንንስ እናውቀዋለን» ብሎ አበያየዱን ያለ ፈተና ያሳልፈዋል፤ ዘሩ የታወቀ ሙሽራ በሉት። አውሮፓዊው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «በይድና አሳየኝ» ባይ ነው። የተበየደው ላሜራ ተቆርጦ፣ ታጥፎ ካልተሰነጠቀ ብቻ እሺ ይላል።

ሰበታ ላይ የዘይት ፋብሪካ ታንከር ስንሠራ የደረሰን ይኸው ተጠራጣሪው ነው። አንጋፋው በያጅ ኦቦ ደበላ ሁለት ላሜራ ገጥመው በየዱ፤ ካለፈ ሥራው የእሳቸው ነው፣ በድጋሚም ከወደቀ ወደ ቤት። እኔ ተቆጣጣሪው እንደ ደንቡ መለያ ቁጥርና የብየዳውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት መታሁበትና ይዘነው ወደ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ተነሣን።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው፤ ገበሬው ቀያሽ ባየ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣበት። ከከተማው መውጫ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ወጣቶች ፒካፓችንን ፈትሸው ብረቱን አገኙ። ቁጥር አለው፣ ቀስት አለው፤ ይባስ ብሎ ቀስቱ ወደ ማሳቸው ያመለክታል!

«ኦቦ ደበላ፣ ይሄ የመሬት ምልክት አይደል? እርስዎም ለነሱ ይሠራሉ?» አለ የጎረቤታቸው ልጅ።

«ያ ዋቅ! ብየዳ ነው ልጄ፣ ለፈተና የምንወስደው!» አሉ ሽማግሌው።

«ፈተና ከሆነ እኛም እንፈትነዋለን» አለ በርና መስኮት በያጅ የሆነ ሌላው። ላሜራውን ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ በመዶሻ ወረደበት። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ። ብረቱ ጎበጠ፣ ጎበጠ፤ ብየዳው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ለችካል እንዲህ አጥብቆ የሚበይድ የለም» ብሎ ፈረደ። ጭብጨባ ሆነ። «ሂዱ!» አሉን። ወዴት እንሂድ? ተፈታኙ ጎብጧል።

ወደ ሥራው ቦታ ተመለስን። የታንከሩ ሥራ መሐንዲሳችን የጎበጠውን አገላብጦ አየና «ኮዱ ፈታኝ ያላየውን አይቆጥርም» አለ። እውነቱን ነው። ሌላ ላሜራ ተበየደ፤ መንገዱ ሲከፈት ላቦራቶሪው አጠፈው፤ አለፈ፤ ኦቦ ደበላም ሥራ ጀመሩ። ደስ አለኝ።

«ከሁለቱ የትኛው ፈተና አስፈራዎት?» አልኳቸው።

«የልጆቹ ነዋ! ላቦራቶሪው ቢጥለኝ የማጣው ሥራ ነው። እነሱ ቢጥሉኝ ግን መሬታችንን አስለካ ተብዬ ሰፈሬ በየት በኩል እገባለሁ?» ከት ብለው ሳቁ። «ደግሞም ያንተ ኮድ ለወደቀ ድጋሚ ፈተና ይሰጣል። እዚያ ማን ይሰጠኛል?»