ጋሼ ፓንግ የሚያውቁት ሰው

ሆንግ ኮንግ ውስጥ «ስሜን ጥሪላቸው» የሚል ሽማግሌ የሌለበት ፎቅ የለም። ለወይዘሮ ዩክላን የደረሷት ፊት ለፊቷ የሚኖሩት ክቡር ጋሼ ፓንግ ናቸው።

ሐኪም ቤት ወረፋ በዛ? «ፓንግ ልኮኝ ነው በያቸው፤ ቅድሚያ ይሰጡሻል።» ሊፍት ተበላሸ? «ጠጋኙ የቤት ሰው ነው፤ ለእኔ ሲል ይመጣል።» ሊፍቱ አሥራ አንድ ቀን ቆሞ በአሥራ ሁለተኛው ሲንቀሳቀስ፣ ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ምስጋና ተቀበሉ። አንዴ ዩክላን ዳክዬ ሻጩ ዘንድ ስማቸውን ብትጠራ፣ ሰውዬው ቢላውን አስቀምጦ «የቱ ፓንግ?» አላት። አልነገረቻቸውም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በራቸውን የሚያንኳኳው ስማቸውን ሊዋስ የመጣ ጎረቤት ብቻ መሆኑን ታውቃለች።

በታኅሣሥ፣ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ማዕድ በሚቀርብበት በዓል፣ ልጇ ከሲንጋፖር ልትመጣ ነበር። ዩክላን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ አማራት።

«እሱን ለእኔ ተይው» አሉ ጋሼ። «የምግብ ቤቱን ሥራ አስኪያጅ አውቀዋለሁ። በስሜ ይይዝልሻል።»

በበዓሉ ቀትር አስተናጋጇ መዝገቡን ሁለቴ ገልጣ «በፓንግ ስም የተያዘ የለም፣ እናቴ» አለቻት። ዩክላን የወረፋ ቁጥር ወስዳ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመች። ገና ከመቀመጧ ልጇ ደወለች።

«እማዬ፣ ሥራ አለቀቀኝም። እንዳትቀየሚኝ።»

«ምን ቅያሜ አለው?» አለች።

ዙሪያዋን አያትና የልጅ ልጅ ይንጫጫል። ፊቷ ሁለት ሲኒ ተደርድሯል። ልትነሳ ብላ ቦርሳዋን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችና ስልኳን አወጣች።

«ጋሼ፣ ጠረጴዛው ተገኘ። መስኮቱ ጋ።»

«በእኔ ስም?» አሉ፤ ድምፃቸው አነሰ።

«ተዉት እሱን። ልጄ ቀርታብኛለች፤ ይምጡና አብረን እንብላ።»

«ዛሬማ ብዙ ቦታ ተጠርቻለሁ።»

«የቱ ጋ ሊሄዱ ነው?»

ወንበር ሲገፉ ተሰማት። ከዚያ «መጣሁ» አሉ።

ኮታቸውን ተኩሰው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው መጡ። ሥራ አስኪያጁ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጋሼ አቀርቅረው ሾርባቸው ላይ ተተከሉ።

«ዩክላን» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ እኮ ማንንም አላውቅም።»

«እኔን ያውቁኝ የለ?» አለችና፣ ለታላቅ እንግዳ የሚቀርበውን የዓሣውን ጉንጭ ለይታ ሳህናቸው ላይ አኖረችላቸው።