ሁለተኛ አይለምኑም

ከጠዋት ጀምሮ ሱሉልታ አስፋልት ላይ ያለፈች ነገር ብትኖር አንዲት ዶሮ ናት። ወንዲ ቤቱን ቆልፎ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው እሷን ነው፤ ነጩን መስመር ይዛ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ እንደ ባለሥልጣን በመሀል ስትሄድ። የጎጃምን መንገድ ዶሮ ብቻዋን ስትይዘው አይቶ አያውቅምና ቆሞ ተመለከታት። ከሷ ወዲያ ድንጋይ ተደርድሯል። ከድንጋዩ ወዲያ የተቃጠለ ጎማ ጭሱን ወደ እንጦጦ ይለቃል። በማስተር ፕላኑ የተነሳ ወጣቶቹ መንገዱን ከዘጉ ወዲህ ታክሲ የሚባል ነገር የለም።

ወንዲና ሬሐና የመምህርነት ተማሪዎች ናቸው። ለአንድ መንፈቅ ኖርዌይ ሄደው እንዲያስተምሩ ዩኒቨርሲቲያቸው መርጧቸዋል። አውሮፕላኑ ዛሬ ማታ ይነሳል፤ ቦሌ ያልደረሰ ቦታውን ለተጠባባቂ ይለቃል። ወንዲ ትልቅ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ሬሐና የጀርባ ቦርሳዋን አዝላ ቆማለች። በመካከላቸው የሬሐና እናት ለመንገድ የጠበሱት ሳምቡሳ በፌስታል አለ። ጭቅጭቁም በሱ ነው።

ሬሐና፦ ግን ሳምቡሳው እኮ የኔ ነው።

ወንዲ፦ ቅድም ያንቺ ነበር። አሁን ኖርዌይ ነን። እኔ ያረፍሽበት ቤት ባለቤት ነኝ፤ ሳምቡሳውም የባለቤቱ ነው።

ሬሐና፦ እናቴ ኖርዌይ ሄዳ ነው የጠበሰችው?

ወንዲ፦ ልምምድ ነው፣ ሬሐና! ልምምድ! በይ እንደገና። [ፌስታሉን እየዘረጋ] ሳምቡሳ ትበያለሽ?

ሬሐና፦ ኧረ በልቼ ነው የወጣሁት።

ወንዲ፦ [አንዱን አንስቶ ይጎርሳል] አበቃ።

ሬሐና፦ ምኑ?

ወንዲ፦ አልበላም አልሽ፤ በላሁት።

ሬሐና፦ በሞቴ አላልከኝም እኮ!

ወንዲ፦ ኖርዌይ ውስጥ ለሳምቡሳ ብሎ የሚሞትልሽ ሰው የለም። አንዴ ይጠይቁሻል። አይ ካልሽ አይ ነው። ሁለተኛ አይለምኑም።

ሬሐና፦ ፊቴን አይተው አያውቁም?

ወንዲ፦ ፊትሽን ምን ያደርጉታል? አፍሽን ነው የሚሰሙት።

ሬሐና፦ ጨካኞች ናቸው ማለት ነው።

ወንዲ፦ አይደሉም። ያምኑሻል። ጠግቤያለሁ ስትያቸው፣ ጠግባለች ብለው ያምኑሻል።

ሬሐና፦ [ተገርማ] ዝም ብለው ያምናሉ?

ወንዲ፦ ዝም ብለው።

ሬሐና፦ እኔ እኮ እየዋሸሁ ነው።

ወንዲ፦ እሱን እነሱ አያውቁም። በይ እንደገና። [ይዘረጋል] ሳምቡሳ ትበያለሽ?

ሬሐና፦ አንተ ብላ፤ እኔ ይቅርብኝ።

ወንዲ፦ [እያላመጠ] ወደቅሽ። አንቺ እኮ እዚያ በወርሽ አጥንትሽ ይቀራል።

ሬሐና፦ አፌ እምቢ አለኝ እኮ። እኛ ቤት አንዴ ሲሉት እሺ ያለ ልጅ፣ እንግዳው ሲሄድ ይቆነጠጣል። አንተ ግን ይሄን ሁሉ ኖርዌይ የት አወቅከው?

ወንዲ፦ ናይሮቢ ለሥልጠና ሄጄ የለ?

ሬሐና፦ ናይሮቢ ኬንያ ነው።

ወንዲ፦ ውጭ ውጭ ነው። ቁርስ ላይ አስተናጋጇ ሻይ ትፈልጋለህ አለችኝ፤ አይ አልኳት፤ ሄደች። እስከ መጨረሻው ቀን ሻይ ሳልጠጣ ተመለስኩ።

ሬሐና፦ በነጋታው እሺ አትልም ነበር?

ወንዲ፦ ትለምነኛለች ብዬ!

[አንድ ሯጭ ከጫንጮ በኩል ይመጣል። ድንጋዮቹን እንደ መሰናክል ዘሎ፣ ዶሮዋን በቀኝ አልፏት ይሄዳል።]

ሬሐና፦ ለሱ መንገዱ አልተዘጋበትም።

ወንዲ፦ ሻንጣ የለውማ።

ሬሐና፦ እኔን ሁሉ ነገር እዚያ አለ፣ ምንም እንዳትይዢ ብለኸኝ ነው በዚህች ቦርሳ የመጣሁት። ያንተ ሻንጣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያበጠው?

ወንዲ፦ ሽሮ ነው። በርበሬም አለ።

ሬሐና፦ እዚያ የለም?

ወንዲ፦ ሁሉ ነገር አለ፤ ሽሮና በርበሬ ግን የለም። አሁን ወደ ትምህርቱ እንመለስ። ክፍል ትገቢያለሽ። ተማሪው ከተቀመጠበት አይነሳም።

ሬሐና፦ ታሞ ነው?

ወንዲ፦ ደህና ነው። እዚያ ለአስተማሪ አይነሱም። ከዚያ አንዱ እጁን ያወጣና «ሬሐና» ይልሻል።

ሬሐና፦ «ቲቸር» ሳይለኝ?

ወንዲ፦ ባዶ ስምሽን።

ሬሐና፦ አቤት ልበለው?

ወንዲ፦ የአሥር ዓመት ልጅ ነው፣ ምን አቤት ያስብልሻል!

ሬሐና፦ ታዲያ እንደ ታላቅ እህቴ ነው የጠራኝ። ሌላ ምን ልለው?

ወንዲ፦ [ሰማይ ሰማይ እያየ] ወደ ሰላምታ እንሂድ። ሰላምታ አጭር ነው። እንዴት ነሽ ይሉሻል፤ ደህና ትያለሽ፤ ቆመሽ አትቀሪም።

ሬሐና፦ ቤተሰቡንስ?

ወንዲ፦ አትጠይቂም።

ሬሐና፦ እናቱንም? እናቱ ቢያማትስ?

ወንዲ፦ ሐኪም ይጠይቃታል። አሁን ከባዱ ጥያቄ። አገርሽ ውስጥ ምን ተፈጠረ፣ በቴሌቪዥን ጭስ አየን ይሉሻል። ምን ትያለሽ?

ሬሐና፦ [አስባ] ካርታ ተሳለ እላለሁ። አዲስ አበባ ሰፍታ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን የምታቅፍበት ካርታ። የጎረቤታችን የኦቦ ቦጂያ የግጦሽ ሜዳም እዚያ ውስጥ ገባ ተባለ። እኛ አንዲት ሳምቡሳ ለማጉረስ ስንቴ እንለምናለን፤ ኦቦ ቦጂያን ግን ስለ ሜዳቸው አንዴ እንኳ የጠየቃቸው የለም። እንደዚህ ብዬ ነው የምነግራቸው።

ወንዲ፦ [ግራ ቀኝ አይቶ] እሱን እዚያ አታውሪ።

ሬሐና፦ የት ላውራው?

ወንዲ፦ እዚህም አታውሪ።

[ወንዲ ሰዓቱን ያያል። ከባሕር ዛፉ ሥር የሞተር ድምፅ ይሰማል። ኦቦ ቦጂያ ናቸው፤ ጋቢያቸውን በካፖርት ላይ አጣፍተው፣ በሞተር ብስክሌታቸው ግራና ቀኝ የወተት ጀሪካን አንጠልጥለው ይመጣሉ። ዶሮዋን አሳልፈው ይቆማሉ፤ ሞተሩን አላጠፉም።]

ኦቦ ቦጂያ፦ አካም ቡልታኒ፣ ልጆች!

ወንዲ፦ ነጋ፣ ኦቦ ቦጂያ! እንዴት አደሩ?

ሬሐና፦ እንዴት አደሩ ኦቦ? እማማ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ያቺ እግሯን ያመማት ላም ተሻላት? ጥጃዋስ?

ወንዲ፦ [በጥርሱ] አጭር! አጭር አላልኩሽም?

ሬሐና፦ ኖርዌይ አይደሉም እኮ፤ ኦቦ ቦጂያ ናቸው።

ኦቦ ቦጂያ፦ ተሻላት ልጄ፣ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። ሻንጣ ይዛችሁ ምን ትሠራላችሁ እዚህ?

ወንዲ፦ ኖርዌይ ልንሄድ ነው።

ኦቦ ቦጂያ፦ [ድንጋዩን፣ ጭሱን፣ ዶሮዋን ተራ በተራ አይተው] በዚህ መንገድ?

ወንዲ፦ አውሮፕላኑ ማታ ነው። ቦሌ ካልደረስን ቀረን።

ኦቦ ቦጂያ፦ እኔ ሽሮ ሜዳ ለልጄ ወተት ላደርስ ነው። በተራራው ላይ የከብት መንገድ አለ፣ መንገድ የዘጉት ልጆችም ያውቁኛል፤ ያሳልፉኛል። ከሽሮ ሜዳ ወዲያ ታክሲ አይጠፋም። ግን ይሄ ሞተር ከኔ ሌላ አንድ ሰው ነው የሚይዘው። ወንዲ፣ ኮቱ፣ ና ውጣ! ሻንጣህን ከፊቴ አደርገዋለሁ።

[የወንዲ ልብ ሞተሩ ላይ ወጥቷል። እግሩ ከቦታው አልተነሳም።]

ወንዲ፦ ኧረ አይገባም፣ ኦቦ ቦጂያ! በዚህ ሁሉ ወተት ላይ እኔን ደግሞ ሊሸከሙ? በጭራሽ!

[ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ኦቦ ቦጂያ ለሁለተኛው ልመና አፋቸውን ይከፍታሉ።]

ሬሐና፦ ኦቦ፣ አይድከሙ። ዛሬ በኖርዌይ ሥርዓት ነን። የሚጠየቀው አንዴ ብቻ ነው።

ኦቦ ቦጂያ፦ አንዴ? ማነው ያለው?

ሬሐና፦ ወንዲ ነው።

ኦቦ ቦጂያ፦ እሱ ውጭ ደርሶ የመጣ ልጅ ነው፤ ያውቃል። [አፋቸውን ይዘጋሉ]

ወንዲ፦ አይ፣ ኦቦ፣ እሱ እኮ ለሳምቡሳ ነው! ለመንገድ ሲሆን…

ሬሐና፦ እኔም ግን አንዴ ልጠይቀው። ወንዲ፣ አንተ ሂድ፤ እኔ ልቅር።

ወንዲ፦ [እስከ ጆሮው ቀልቶ] እንዴ! ምን ሆነሻል? አንቺን መንገድ ላይ ትቼ እኔ ልሂድ? ሱሉልታ ምን ይለኛል? አይደረግም! ውጪ አንቺ!

ሬሐና፦ እሺ።

[ቦርሳዋን አጥብቃ፣ ረጅም ቀሚሷን ሰብስባ ከኦቦ ቦጂያ ኋላ ትወጣለች። ወንዲ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው፤ ፈገግታው የሚሄድበት አጥቶ ነው።]

ወንዲ፦ እሺ?

ሬሐና፦ እሺ።

ወንዲ፦ እምቢ አትዪም? አንዴ እንኳ? እኔ እኮ ስትግደረደሪ…

ሬሐና፦ አመንኩህ።

ወንዲ፦ [ጊዜ ለማግኘት ፌስታሉን ፈጥኖ ዘርግቶ] ቆይ ቆይ፣ አንዲት ሳምቡሳ ቀርታለች። ትበያለሽ?

ሬሐና፦ እሺ። [ትወስዳለች] ይኸው፣ አለፍኩ አይደል? ደህና አስተማሪ ነህ፣ ወንዲ። አላህ ይስጥህ።

[ሞተሩ ይንቀሳቀሳል። ድንጋዮቹን አልፎ ወደ ከብቱ መንገድ ሲታጠፍ ኦቦ ቦጂያ ልባቸው አልችል ብሎ ያቆማሉ።]

ኦቦ ቦጂያ፦ [እየጮሁ] ወንዲ! ወተቱን አድርሼ ልመለስና ልውሰድህ?

ወንዲ፦ ኧረ በፈጠረዎት! አይልፉ፣ ኦቦ ቦጂያ! [አፉን በሁለት እጁ ይይዛል]

ኦቦ ቦጂያ፦ [ወደ ሬሐና ዞረው] ይሄም አንዴ ነው?

ሬሐና፦ [ሳምቡሳዋን እያላመጠች፣ አስባ] እሱ እንዳስተማረኝ ከሆነ፣ አዎ።

[ሞተሩ ወደ ባሕር ዛፉ ይገባል። መጀመሪያ የወተት ጀሪካኖቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ የኦቦ ቦጂያ ጋቢ፤ በመጨረሻ ሰማያዊዋ የሬሐና ቦርሳ። ዞራ አላየችም። ዶሮዋ ከሄደችበት ተመልሳ፣ ነጩን መስመር ይዛ፣ ወንዲ እግር ሥር ደርሳ ቆመች።]

ወንዲ፦ እሺ!

[ዶሮዋ ቀና ብላ ታየዋለች።]

ወንዲ፦ [ወደ ባዶው መንገድ፣ በሙሉ ድምፁ] እሺ ብያለሁ እኮ!