አምስተኛው መናፈሻ

[ከሰዓት በኋላ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለት ሰዎች ገና እግራቸው መሬት ሳይረግጥ ይጨቃጨቃሉ። ሸምገል ያሉት የከተማ አውቶቡስ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ በቅርቡ ጡረታ ወጥተዋል። «ይህችን ከተማ ዓይኔን ጨፍኜ እዞራታለሁ» ማለት ስለሚያበዙ ሰፈሩ ጋሽ ካርታ ይላቸዋል። ሌላው የሚስታቸው ወንድም ነው፤ ፀጉር አስተካካይ። አንዱን ጉንጭ ላጭቶ ወደ ሌላው እስኪዞር የመጀመሪያው ይበቅላል እየተባለ ስለሚታማ ዝግታ የሚል ስም ወጥቶለታል።]

ጋሽ ካርታ፦ እኔ የምልህ፣ ዳክዬ የሚባል ነገር ሁለት ዓይነት ነው። የወንዝ ዳክዬ አለ፣ የመናፈሻ ዳክዬ አለ።

ዝግታ፦ ጋሼ፣ እኔ መቼ ስለ ዳክዬ ጠየቅኩ? ሴትየዋ የትኛው መናፈሻ ውስጥ እንደምትጠብቀኝ ነው የጠየቅኩት።

ጋሽ ካርታ፦ ወደዚያው እየመጣሁልህ ነው! እህትህ ምን አለችኝ? «ልብስ ሰፊዋ ዳክዬ ያለበት መናፈሻ ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች» አለችኝ።

ዝግታ፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ጋሽ ካርታ፦ ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም።

ዝግታ፦ ለምን?

ጋሽ ካርታ፦ ስለ ዳክዬ እያስረዳኋት ነበራ!

ዝግታ፦ እንግዲያው ልደውልና ልጠይቃት።

ጋሽ ካርታ፦ [ስልኩን በእጃቸው እየከለሉ] አታፍርም? እኔን የሚያህል ሰው አጠገብህ ቆሞ ስልክ? ዳክዬ ያለባቸው መናፈሻዎች አራት ናቸው። አራቱንም ፊት ለፊታቸው ሳልፍ ነው ያረጀሁት። ተራ በተራ እናያቸዋለን፣ እናገኛታለን፣ አለቀ።

ዝግታ፦ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትነሳለች ጋሼ። ሁለተኛ ቀጠሮ የለኝም ብላለች።

ጋሽ ካርታ፦ ጎበዝ ሴት ናት።

ዝግታ፦ እኔም እኮ ልጅ አይደለሁም። ከፀጉር ቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻዬን ተኝቼ ብቻዬን መነሳት ሰልችቶኛል። ማታ ማታ ከመስታወቱ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ።

ጋሽ ካርታ፦ ለዚህ አይደል እኔ የመጣሁት! አንተ አፍ የለህም። ስናገኛት አንተ ፈገግ በል፣ ንግግሩን ለኔ ተወው።

ዝግታ፦ ያለፈውንም ንግግር ያደረጉት እርስዎ ነበሩ።

ጋሽ ካርታ፦ እና ምን ጎደለው?

ዝግታ፦ ምንም አልጎደለውም። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ እርስዎ ስለ ጎርፍ ማስወገጃ ቦይ እያስረዷት ሳለ «እጄን ታጥቤ ልምጣ» ብላ እንደወጣች ቀረች።

ጋሽ ካርታ፦ ቦዩን ልታይ ሄዳ ይሆናል።

ዝግታ፦ አግብታ ወልዳለች ጋሼ።

[አረንጓዴ የብረት አጥር ባለው በር ይገባሉ። ፊት ለፊት ኩሬ አለ፤ ኩሬው ዳር አንዲት ዳክዬ እያነከሰች ትንጎራደዳለች። ወዲያ አፍንጫው የተሸረፈ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። አንድ አትክልተኛ ሣሩን ውኃ ያጠጣል። ጋሽ ካርታ ደረታቸውን ነፋ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ እጥፍ አድርገው የቤታቸውን ግቢ እንደሚያስጎበኝ ሰው ይራመዳሉ።]

ጋሽ ካርታ፦ ይኸውልህ! ይህ «ላይኛው መናፈሻ» ይባላል።

ዝግታ፦ ከዚህ በፊት ገብተውበት ያውቃሉ?

ጋሽ ካርታ፦ ፊት ለፊቱ አልፌያለሁ አልኩህ እኮ! ተቆጣጣሪ ከአውቶቡስ ይወርዳል እንዴ? በአንድ ዓይኔ ትኬት፣ በአንድ ዓይኔ መናፈሻ እያየሁ ነው የኖርኩት። ሾፌሩ «ላይኛው መናፈሻ ወራጅ!» ይላል፣ እኔ ቀና ብዬ አያለሁ። መዝግቤ ይዣለሁ፣ እዚህ። [ግንባራቸውን ይመታሉ።]

ዝግታ፦ ጋሼ፣ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢጫ ጃንጥላ ዘርግታ የተቀመጠችው ሴት እሷ ብትሆንስ?

ጋሽ ካርታ፦ [በአዘኔታ እየሳቁ] ቢጫ ጃንጥላ? ልብስ ሰፊ እኮ ቀለም ታውቃለች። አረንጓዴ ሣር ላይ ቢጫ ይዛ የምትቀመጥ ልብስ ሰፊ አይቼ አላውቅም። ደግሞስ የመጀመሪያው መናፈሻ ላይ ትዳር የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ ለምን ተሠሩ?

ዝግታ፦ እሱስ እውነት ነው።

ጋሽ ካርታ፦ ና ሐውልቱን ላሳይህ።

ዝግታ፦ ይቅደሙ ጋሼ፣ የጫማዬ ክር ተፈታ። አስሬ እመጣለሁ።

[ዝግታ ወንበሩ አጠገብ ጎንበስ ይላል። ጋሽ ካርታ ለሐውልቱ ስለ ድንጋይ ዓይነቶች ያስረዱታል። ሐውልቱ በጥሞና ያዳምጣል። ትንሽ ሲደክማቸው ሣሩ ላይ አረፍ ብለው ከኪሳቸው ጋዜጣ ያወጣሉ፤ የቃላት ጨዋታውን በእስክሪብቶ ይሞላሉ። የዝግታ ጫማ እስኪታሰር ገጹን ይጨርሱታል።]

ጋሽ ካርታ፦ አንተ ሰው! ጫማ ነው የምታስረው ወይስ በሬ?

ዝግታ፦ [እየተጣደፈ ይመጣል፤ ፊቱ ቀልቷል።] ጨርሻለሁ ጋሼ።

ጋሽ ካርታ፦ እዚህ የለችም። ተነስ፣ አውቶቡሱ መጣ!

[ጋዜጣውን ሣሩ ላይ ጥለው ይሮጣሉ። አውቶቡሱ በገበያው በኩል ዞሮ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ተመልሶ ተሻግሮ፣ ከሌላ ማቆሚያ ያወርዳቸዋል።]

ጋሽ ካርታ፦ ሁለተኛው! «የሐኪም ቤቱ መናፈሻ»። አየሩን ሳበው እስኪ። ለየት አላለብህም?

ዝግታ፦ ለየት ብሏል ጋሼ። አጥሩ ግን ያው አረንጓዴ ነው።

ጋሽ ካርታ፦ ቀለሙን በጅምላ ስለሚገዙ ነው።

ዝግታ፦ ዳክዬዋም ታነክሳለች።

ጋሽ ካርታ፦ የመናፈሻ ዳክዬ ሁሉ ያነክሳል! ዳክዬ የተሠራችው ለውኃ ነው። ሣር ላይ ስትውል ዳሌዋ ይበላሻል። ይህንን ነበር ለእህትህ ሳስረዳት የነበረው።

ዝግታ፦ ሐውልቱስ? ይኼኛው ጀርባውን ሰጥቶናል።

ጋሽ ካርታ፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ይህ ወንድሙ ነው። በውርስ ተጣልተው ነው። አንደኛው እዚያ ቆመ፣ ሌላው ተኮራርፎ እዚህ ቆመ።

ዝግታ፦ የዚህም አፍንጫ ተሸርፏል።

ጋሽ ካርታ፦ ስልህ! ተጣልተው ነው።

[አትክልተኛው የውኃ ጎማውን እንደያዘ በእጁ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፤ የሚያውቃቸው ይመስላል።]

ዝግታ፦ ይህንን ሰውዬ ቅድም አላየነውም?

ጋሽ ካርታ፦ የደንብ ልብስ ነው የሚያመሳስላቸው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ እህትህ ሌላ ተቆጣጣሪ አስቁማ «ሽንኩርት ግዛ ብዬህ አልነበር?» ብላ ተቆጥታዋለች።

ዝግታ፦ እና?

ጋሽ ካርታ፦ ገዛላታ! ደንብ ልብስ ማለት እንዲህ ነው።

ዝግታ፦ ጋሼ፣ እዚህም ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ሴት አለች።

ጋሽ ካርታ፦ [ሳያዩ] ማዘጋጃ ቤቱ ነው የሚያስቀምጣቸው። ባዶ ወንበር ላይ ሰው መቀመጥ ይፈራል። አንድ ሰው ተቀምጦ ሲያይ ግን ይደፍራል።

ዝግታ፦ ደመወዝ ይከፈላቸዋል ማለት ነው?

ጋሽ ካርታ፦ ጃንጥላውም የመንግሥት ነው።

ዝግታ፦ ጉድ እኮ ነው! ... ውይ፣ ክሬ ደግሞ ተፈታ።

ጋሽ ካርታ፦ አንተ መቼ ነው ጫማ ማሰር የምትማረው? እሰር፣ እሰር። እኔ ያኮረፈውን ላናግረው።

[ጋሽ ካርታ ከሐውልቱ ጀርባ ቆመው ስለ እርቅ ያስረዳሉ። ከወንበሩ በኩል የሴት ሳቅ ይሰማል። ዞር አይሉም፤ ሳቅ መናፈሻ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ደግሞ አውቶቡስ፣ ደግሞ ገበያው፣ ደግሞ ድልድዩ። ሦስተኛው ማቆሚያ ላይ ሲወርዱ ጋሽ ካርታ ወገባቸውን ይዘዋል።]

ጋሽ ካርታ፦ «ታችኛው መናፈሻ»... ይሄ ነው... ኧረ እግሬ አለቀ! አንተዬ፣ ለዛሬ ቢበቃንስ? ሴት አትጠፋም።

ዝግታ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው ይዤ መናፈሻ ሳላይ ልመለስ? ሰው ምን ይለኛል?

ጋሽ ካርታ፦ [ወዲያው ቀጥ ብለው] እሱስ ልክ ነህ። ና! [ትንሽ እንደሄዱ] ይኸው ደግሞ! አንዱ ጋዜጣውን ጥሎ ሄዷል። ሥርዓት የሌለው! መናፈሻ ውስጥ ወረቀት ይጣላል?

ዝግታ፦ [አንስቶ እያየ] የቃላት ጨዋታውን ሞልቶታል።

ጋሽ ካርታ፦ አምጣው እስኪ። [መነጽራቸውን ያደርጋሉ።] አይ፣ አይ፣ አይ! «ክንፍ ኖሮት የማይበር» ለሚለው ምን ብሎ እንደሞላ አየህ? «አውቶቡስ»! አውቶቡስ ክንፍ አለው? ይኼ እኮ የለየለት ሞኝ ነው። የእጅ ጽሑፉን እየው፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል።

ዝግታ፦ ያልተማረ ሰው ይሆናል።

ጋሽ ካርታ፦ ሳይማር ቢቀር ጥሩ ነበር! ይኼ ከፊል የተማረ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ያለች ሚስት ታሳዝነኛለች።

ዝግታ፦ እኔንም በጣም ነው የምታሳዝነኝ።

ጋሽ ካርታ፦ [ጋዜጣውን አጣጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ።] ለመማሪያ ይሆናል። እና ልነግርህ የፈለግኩት፣ ለማንም የማላሳየው አምስተኛ መናፈሻ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ኩሬው ውስጥ ዓሣ ይዘላል። ሐውልቱ አፍንጫ አለው። ከኔ በቀር ማንም አያውቀውም።

ዝግታ፦ አንድ ቀን ያሳዩኛል?

ጋሽ ካርታ፦ ጠባይህን አይቼ። ምን ሆነሃል ደግሞ? ተፈታ?

ዝግታ፦ ተፈታ ጋሼ።

[በአራተኛው ማቆሚያ ሲወርዱ ፀሐይዋ ዛፎቹ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ጋሽ ካርታ «የወፍጮ ቤቱ መናፈሻ» ብለው ጀመሩና ትንፋሽ አጥሯቸው ተዉት። አትክልተኛው ከሩቅ አይቷቸው ሳይጠየቅ በሩን ከፈተላቸው። ዝግታ ፈጠን ብሎ ቀድሞ ገባ። ጋሽ ካርታ እያነከሱ ሲደርሱ፣ ቢጫ ጃንጥላ ያላት ሴት ተነስታ ጃንጥላዋን እያጠፈች ነው። ዝግታ አጠገቧ ቆሟል። ሴትየዋ ለጋሽ ካርታ በአክብሮት ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳችና ወደ በሩ ሄዳ ቆመች።]

ጋሽ ካርታ፦ የማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ ምን አለችህ? ሰዓቷ አልቆ ነው?

ዝግታ፦ ጋሼ፣ እሷ ናት።

ጋሽ ካርታ፦ እሷ ማን?

ዝግታ፦ ልብስ ሰፊዋ። አለቀልን፣ ተስማማን። ወሩ መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ይላክ ብላለች።

ጋሽ ካርታ፦ [አፋቸው እንደተከፈተ] ተስማማን? ንግግሩን ማን አደረገው? መቼ ተገናኛችሁ? በየትኛው መናፈሻ ነው ያገኘሃት?

ዝግታ፦ በሁሉም ጋሼ።

[ዳክዬዋ እያነከሰች በመካከላቸው ታልፋለች። ጋሽ ካርታ በዓይናቸው ይከተሏታል። ከዚያ ሐውልቱን ያያሉ፤ አፍንጫውን። አጥሩን። አትክልተኛውን። ቀስ ብለው ከኪሳቸው ጋዜጣውን ያወጡና የእጅ ጽሑፉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያያሉ። መልሰው ይከቱታል።]

ጋሽ ካርታ፦ ...የመናፈሻው በር ብዙ ነው።

ዝግታ፦ ብዙ ነው ጋሼ።

ጋሽ ካርታ፦ እና አንተ ከየትኛው በር ጀምረህ ነው ያወቅከው?

ዝግታ፦ ከመጀመሪያው። ጎንበስ ስል ስሜን ጠርታ ሰላም አለችኝ። «ከሐውልቱ ጋር የሚያወራው ሰውዬ ማነው?» አለች። የእህቴ ባል ናቸው አልኳት። «ወደዚህ ልታመጣው ነው?» አለች። ንግግሩን የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው አልኳት። «እንግዲያው አዙረውና ብቻህን ተመለስ» አለች። አዞርኩዎት።

ጋሽ ካርታ፦ በሁለተኛውስ?

ዝግታ፦ «ካንተ ጋር ነው የሚኖረው?» አለች። የራሳቸው ቤት አላቸው አልኳት። ደስ አላት።

ጋሽ ካርታ፦ በሦስተኛውስ?

ዝግታ፦ «አንተም እንደሱ ታወራለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። «በቃኝ፣ ይህንን ነበር የምፈልገው» አለች።

ጋሽ ካርታ፦ [ወደ ታች እያዩ] ቆይ፣ ቆይ! ጫማህ እኮ ክር የለውም! ሰተት ብሎ የሚገባ ጫማ ነው ያደረግከው!

ዝግታ፦ አዎ ጋሼ። ጠዋት ሲያደንቁልኝ ነበር። «ማሰር የማያስፈልገው ጫማ ላንተ ነው የተሠራው» ብለው።

[አውቶቡሱ ይመጣል። ጋሽ ካርታ እጀታውን ይዘው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ ያሳርፋሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሾፌሩን «ወደ ቤት የሚሄደው ይሄ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ነው ይላቸዋል። ዝግታ አልተሳፈረም፤ ቢጫዋ ጃንጥላ ከበሩ ዘንድ ትጠብቀዋለች። ጋሽ ካርታ ወንበር ይዘው በመስኮት ብቅ ሲሉ ቀለማቸው ተመልሷል።]

ጋሽ ካርታ፦ ስማ! እኔም ገብቶኝ ነበር እኮ። ጊዜ ልሰጣችሁ ብዬ ነው።

ዝግታ፦ አውቄያለሁ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሽ ካርታ፦ የሠርጉን ንግግር ግን የማደርገው እኔ ነኝ! በዚህ ድርድር የለም!

ዝግታ፦ ከርስዎ ሌላ ማን ሊሆን ነው? እሷም ከመጀመሪያው ተስማምታለች።

ጋሽ ካርታ፦ [ፊታቸው እየበራ] እንዲህ ነው እንጂ! ጎበዝ ሴት ናት ብዬ አልነበር? የት ነው የምትደግሱት?

[አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል። ዝግታ ከጎኑ እየተራመደ እጁን ያውለበልባል።]

ዝግታ፦ አምስተኛው መናፈሻ ውስጥ ጋሼ! እርስዎ ስለሚያውቁት ቀደም ብለው ይሂዱና ቦታ ይያዙልን!