ምሽጉማ የት ይሄዳል

ጎብኚ በሚጎርፍበት ከተማ ሁሉ፣ ጎብኚው ባሕር አቋርጦ የመጣበትን ነገር አንድም ቀን ገብቶ ያላየ ነዋሪ አይጠፋም። ቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ነው። ስለ ነገሩ አብዝቶ የሚያወራውም እሱ ነው።

የእኛ የሞዛምቢክ ደሴት ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የሰጠችው ለክቡር ጎረቤቴ ለአጎት ሱዋሌ ነው። ክቡርነታቸው ፖርቱጋሎች ትተውት በሄዱት ምሽግ ጥላ ሥር መረባቸውን ሲጠግኑ ስድሳ ስምንት ዓመት ሞላቸው፤ ውስጡን ግን አላዩትም። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ምሽጉማ የት ይሄዳል? አምስት መቶ ዓመት ያልሄደ ዛሬ አይሄድም።"

አለማየታቸው ከማውራት አላገዳቸውም። የመድፎቹ ብዛት እንደ አድማጩ ነው፤ ለጣሊያኖች ዘጠና፣ ከቤይራ ከተማ ለመጣች ነርስ አርባ። ከምሽጉ ተነስቶ በባሕር ሥር ወደ ዋናው ምድር የሚያሻግር ስውር መንገድም አላቸው። ማን ሄደበት ብዬ ብጠይቃቸው በሐዘኔታ አዩኝ።

ችግሩ የመጣው ልጃቸው ሳኪና ስትታጭ ነው። የእጮኛዋ ወላጆች ለግማሽ ቀን ከናምፑላ ከተማ ሊመጡ ሆነ። አባትየው ፓፓ ኢሱፎ ዕድሜያቸውን የገበያ ሚዛን ሲፈትሹ የኖሩ፣ የተጋነነ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጎት ሱዋሌ ራሳቸው ምሽጉን እንዲያስጎበኟቸው።

ሳኪና ስፌት ቤቴ ድረስ መጣች። "አባባ ከዋሸ እኔም በዚያው ሚዛን ነው የምመዘነው። አብረኸው ሂድልኝ አጎቴ" አለችኝ። ጃንጥላ ያዥ ሆኜ ተከተልኩ።

አጎት ሱዋሌ እንግዶቹን ዓሣ ገበያውን ሁለት ጊዜ አሳዩአቸው። የድሮውን ሆስፒታል ምሰሶዎች አንድ በአንድ አስቆጠሯቸው። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ እስከ ፍየሎቹ ጤንነት ድረስ ጠየቁ። መመለሻው ሚኒባስ ቀትር ላይ ይነሳል። ፓፓ ኢሱፎ ሰዓታቸውን አይተው ምሽጉስ አሉ።

"ምሽጉማ የት ይሄዳል?"

"እኛ ግን እንሄዳለን" አሉ ፓፓ ኢሱፎ።

ገባን። ሰፊ ግቢ፣ ሦስት በር። ፓፓ ኢሱፎ ጠዋት የተወራላቸው ስውር መንገድ በየትኛው እንደሆነ ጠየቁ። የአጎት ሱዋሌ እጅ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ። ሳኪና መሬት መሬት ታያለች፤ እኔ ጃንጥላዬን መመርመር ጀመርኩ።

ይሄኔ ፊታቸውን ሙሲሮ በሚባለው የእንጨት ቅባት ነጭ ቀብተው ጠዋቱን ሙሉ ትንፍሽ ሳይሉ ከኋላ የተከተሉን የአጎት ሱዋሌ ባለቤት ማማ ሙአጂባ አልፈውን ሄዱ።

"እዚህ ጋ ያዳልጣል፣ ቀስ በሉ" አሉ። "የዝናቡ ውሃ ከዚህ ሁሉ ጣሪያ ተሰብስቦ እዚህ ጉድጓድ ይገባል። ሰፈራችን ቧንቧ እስኪመጣለት ስንቀዳ የኖርነው ከዚህ ነው። ወረፋ የምንይዘው በዚያ በኩል ነው፣ ጥላ ስላለው። የሳኪና ምጥ የጀመረኝ ይቺ ደረጃ ላይ ነው፤ ባልዲው ከራሴ አልወረደም ነበር።"

"መንገዱስ?" አሉ ፓፓ ኢሱፎ።

"መንገድ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ፣ ቢኖር አየው ነበር።"

አጎት ሱዋሌ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አሉ። አዲስ ሰበብ ይፈጥራሉ ብዬ ጠበቅኩ።

"የነገርኳችሁ ሁሉ ፈጠራ ነው፤ ገብቼ አላውቅም" አሉ። "ምሽጉ የት ይሄዳል ስል ኖርኩ። ለካ በየቀኑ በእሷ ራስ ላይ ሆኖ ቤቴ ይመጣ ነበር።"

ፓፓ ኢሱፎ ይህን ሲሰሙ ሠርጉ ከረመዳን በኋላ ይሁን አሉ፤ ሚኒባሱም አላመለጣቸውም።

አጎት ሱዋሌ አሁንም በሩ አጠገብ መረብ ይጠግናሉ። ስለ ምሽጉ የሚጠይቃቸውን ወደ ማማ ሙአጂባ ይልካሉ፤ መድፎቹን ግን መቁጠር አልተዉም፣ ባለፈው ሳምንት መቶ ገብተዋል።

እኔም አንድ ነገር ልናዘዝ። ሦስቱ በሮች ፊት ሲጨንቃቸው ዞረው ያዩት እኔን ነበር፤ እኔ ደግሞ ጃንጥላዬን የመረመርኩት የትኛው በር ወዴት እንደሚወስድ እንደሳቸው ስለማላውቅ ነበር። የደሴቷ ተወላጅ ነኝ፣ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ገብቼም የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። አጎት ሱዋሌ ነቅተውብኛል። የሌለ መድፍ የሚያወሩት ሰውዬ ይህቺን እውነት ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሱም። እወዳቸዋለሁ።