«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» ባዩ

አንባቢ ሆይ፣ የሚያውቀውን ሁሉ «አላውቅም» የሚል ጨዋ አላሰለቸዎትም? እኔንስ አድክሞኛል።

ጓደኛዬ ታደሰ እዚህ ናዝሬት የትራክተር ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ ይገጥማል። ሞስኮ ሄደው ምህንድስና የሚማሩትን ሊመርጥ አንድ ሩሲያዊ መሐንዲስ ይመጣል ተባለ። መምህራችን ጋሽ በቀለ፣ የፈረንጅ አገር ሥርዓት ነው ብለው፣ ታደሰን ሹካ አያያዝ ሲያለማምዱት ሰነበቱ።

ቀኑ ደረሰ። «ጓድ ታደሰ፣ ሞተር ትጠግናለህ?» አለው መሐንዲሱ በአስተርጓሚ።

ታደሰ አንገቱን ደፍቶ፣ «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» አለ።

እኛ ብንሆን «ኧረ አትደብቀን» ብለን እንወተውተው ነበር። ሰውዬው ግን «አይችልም» ብሎ ጻፈና ቀጣዩን ተማሪ ጠራ።

ጋሽ በቀለን፣ «ጋሼ፣ ‹እችላለሁ› ማለትንም ቢያስተምሩት ምን ነበር?» አልኳቸው።

«በስተርጅና ጉራ ላስተምር?» አሉኝ።