የአቶ ፈንታው ዓይንና የዕድሩ ድንኳን

ሰውን መንገድ ላይ ገትሮ የሚያቆም ሰው የሌለበት ከተማ በዚህ አገር የለም። አንዱ ስለ ፖለቲካ፣ ሌላው ስለ ጉልበቱ ሕመም ሊነግርህ ያቆምሃል። ለሚዛን ተፈሪ ከተማ የደረሷት ክቡር አቶ ፈንታው ግን ለየት ይላሉ፤ እሳቸው የሚያስቆሙት ለማሳየት ነው። የሚገርመው ደግሞ ዕድሜያቸውን የፈጁት በመንገድ ሥራ ላይ መሆኑ ነው። ሰው ካሰበበት ቶሎ እንዲደርስ መንገድ ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት በዚያው መንገድ ላይ ማንም ካሰበበት እንዳይደርስ ማድረግ ጀመሩ።

ይህን ከጽጌሬዳ በላይ የሚያውቅ የለም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋም ከአቶ ፈንታው ቤት ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ጠዋት በሯን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ጥቁር ጃንጥላቸውን ነው። ሚዛን ላይ ጃንጥላ ለዝናብ ነው። ለእሳቸው ግን መጠቆሚያ ነው፤ ዝናቡ እላያቸው ላይ እየወረደ እንኳ አጥፈው ይጠቁሙበታል። «ጽጌ፣ አንዴ ቆም በይ። ይኼን ማን አየው?» ይላሉ። «ይኼ» የሚባለው ነገር ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የተሳለ ብርጭቆ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንዱ ሙዙን በገመድ ያሰረበት አኳኋን። ጽጌሬዳ መቀሷን እንደያዘች ወጥታ «ያምራል ጋሼ» ብላ ልትመለስ ትሞክራለች። አቶ ፈንታው ግን በ«ያምራል» የሚለቁ ሰው አይደሉም። ምኑ ነው የሚያምረው ብለው ይጠይቃሉ፣ ደንበኛዋም ውስጥ ሆና ትጠብቃለች።

አንድ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ባጃጅ አስቁመው፣ ከኋላው የተሳለችው ርግብ አንድ ክንፏ ለምን እንዳጠረ ሾፌሩን ጠይቀዋል ይባላል። ሾፌሩ ቴዲ ነገሩን አይክድም። እንዲያውም ሴትዮዋ ራሷ አንገቷን አውጥታ አይታ «እውነትም አጥሯል» ማለቷን ይጨምራል።

ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጠው ሀጂራም ፍዳዋን አይታለች። እርዱን በአንድ በኩል፣ ዝንጅብሉን በሌላ በኩል ከምራ፣ በክር የተሰካውን ኮረሪማ በላያቸው አንጠልጥላ ስትጨርስ አቶ ፈንታው ራቅ ብለው ቆመው ያዩላታል። ገዢ ሲመጣ ታዲያ ከፊት ካለው እንዳታነሳ፣ ድርድሩ እንደሚበላሽ ይመክሯታል። ሀጂራ ሰው አክባሪ ናት፤ ቢሆንም አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ እኔ እኮ የመጣሁት ልሸጥ ነው አለቻቸው።

ከሁሉ የባሰው የበሩ ነገር ነው። ብረት በያጁ ሬድዋን ለአንድ ቤት በሠራው የቆርቆሮ በር ላይ ግማሽ ፀሐይ አውጥቶ ጨረሮቿን እያንዳንዳቸውን በየቀለማቸው ቀብቷቸው ነበር። አቶ ፈንታው ባለቤቶቹን ሊያመሰግኑ ጋቢያቸውን ደርበው ማለዳ ሄደው አንኳኩ። ጋቢ የደረበ ሽማግሌ በማለዳ በር ሲያንኳኳ በአገራችን ትርጉሙ አንድ ነው፤ መርዶ። የቤቱ እመቤት ገና እንዳየቻቸው ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ወንበር ወጣ። የመጡት ስለ በሩ መሆኑን እስኪያስረዱ ድረስ አንዲት ሴትዮ ሟች ሳይታወቅ ሙሾ ጀምራ ነበር።

ይህን ሁሉ ችለው የኖሩት ባለቤታቸው እትዬ ተሾመች ናቸው። ለፋሲካ ቀሚስ ሊያሰፉ አረንጓዴ ጨርቅ ይዘው ጽጌሬዳ ዘንድ መጡ። እሷ ስትለካቸው አቶ ፈንታው በሩ ላይ ቆመው፣ ፊት ለፊት ባለው ፀጉር ቤት ማስታወቂያ ላይ ስለተሳለው ጎረምሳ ጆሮ ያወራሉ። እትዬ ተሾመች ፈገግ አሉና «አየሽ ጽጌ፣ በዚህ ከተማ ቆሞ ያላየው እኔን ብቻ ነው» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። የእትዬ ተሾመች ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

ጽጌሬዳና አቶ ፈንታው የተቀያየሙት በዕድሩ ድንኳን ነው። የሚዛን ዝናብ ድንኳን አያስቀምጥም፤ በተቀደደ ቁጥር የምትጠግነው ደግሞ እሷ ናት። ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ፣ ከመጋረጃ የተረፈ ቢጫ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቀይ፣ ያገኘችውን እራፊ በላዩ ላስቲክ እየደረበች ስትሰፋበት ኖራ፣ በመጨረሻ ከሸራው እራፊው በለጠ። ታፍርበት ነበር። ለቅሶ ላይ ስትቀመጥ ስፌቷን ላለማየት አንገቷን ትደፋለች። ሰው ግን ሐዘኗ ጥልቅ ነው እያለ ያከብራታል።

ስለዚህ የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ብርሃነመስቀል አዲስ ነጭ ድንኳን ይገዛ፣ አሮጌው ተቆራርጦ ለቡና መሸፈኛ ለአባላት ይከፋፈል ሲሉ፣ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እሷ ናት። አቶ ፈንታው ተነሡ። ልብስ ሰፊዋ ቢጫውን ሐዘንተኛ ከሚቀመጥበት በላይ ያደረገችው አስባበት መሆኑን፣ ሰማያዊውንም ደመናው በሚገለጥበት በኩል ማድረጓን አብራሩ። በዚህ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ቀና ብሎ ሳያይ የሄደ ሰው ተጎድቷል አሉ። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ጽጌሬዳ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ነጩ እንዲገዛ ተወሰነ፤ የአሮጌው ጉዳይ ደግሞ በኮሚቴ እስኪጠና እሷው ጓዳ እንዲቀመጥ ተባለ። ኮሚቴ የያዘው ነገር ዕድሜው ረጅም ነው።

ውጭ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ ለምን መሳቂያ ያደርጉኛል? ያገኘሁትን ነው የለጠፍኩት። ሰማያዊው የተማሪ ዩኒፎርም ነው።»

«እሺ፣ ያገኘሽውን ነው» አሉ። «ሰማያዊውን ከቀዩ አጠገብ ያላደረግሽውስ ለምንድን ነው?»

«እንዴ፣ ያስጠላላ።»

አቶ ፈንታው ጃንጥላቸውን ዘረጉና ምንም ሳይጨምሩ ሄዱ። በሕይወታቸው ቀድመው የሄዱት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጽጌሬዳ ቤቷ ገብታ ድንኳኑን ዘረጋችው። ቀይና ሰማያዊ የተጠጉበትን ቦታ ፈለገች፤ አንድም አጣች። ለካ ያን ሁሉ ዓመት እጇ ሲመርጥ ኖሯል፤ ይህን የነገራት ሰው ደግሞ ስትሸሸው የኖረችው ሰው ነው። አኩርፋ መቆየት ፈልጋ ነበር፣ አልሆነላትም።

ቡና በሚለቀምበት ሰሞን እትዬ ተሾመች ጥቂት ታመው ዐረፉ። ነጩ ድንኳን ተተከለ። አቶ ፈንታው ከሥሩ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፤ ማንንም ምንም አላሳዩም። ቴዲ የርግቧን ክንፍ አስረዝሞ አስሎ የባጃጁን ጀርባ ወደ ድንኳኑ አዙሮ አቆመው። አላዩም። ከተማው ሁሉ ካሰበበት በሰዓቱ እየደረሰ፣ ደርሶ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ግራ ገባው።

ጽጌሬዳ ከለቅሶው ተመልሳ አሮጌውን ድንኳን ገለጠችው። መካከል ላይ፣ ምሰሶው በሚቆምበት አጠገብ ተቀዷል። የቁርጥራጭ ማዳበሪያዋን አፍሳ ፈለገች፣ የምትፈልገውን አገኘች፣ ሰፋች። በማግስቱ ጠዋት ከሬድዋንና ከቴዲ ጋር ተሸክመው መጡና ነጩን ማውረድ ጀመሩ። አቶ ብርሃነመስቀል «ኮሚቴው ገና…» ብለው ጀመሩ። ከዚያ አቶ ፈንታውን ዘወር ብለው አዩና፣ ራሳቸው ምሰሶውን ይዘው አቆሙ።

ረፋዱ ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። በለቀስተኛው ነጠላ ላይ ቢጫና ሰማያዊ ብርሃን ወረደበት። ከአቶ ፈንታው በቀር ሰው ሁሉ ቀና አለ። ጽጌሬዳ ሄዳ ጎናቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንዴ ቀና ይበሉ።»

እንደ ምንም ቀና አሉ። ዓይናቸው በሰማያዊው አለፈ፣ በቢጫው አለፈ፣ ምሰሶው አጠገብ ካለው አረንጓዴ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ የተሾመች ነው» አሉ። «የፋሲካው ቀሚስ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጭቃ እንዳይነካባት ጫፉን በግራ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ትይዘው ነበር። እኛ ደጃፍ ስትደርስ ነው የምትለቀው። መስኮቱ ጋ ቆሜ እስክትለቀው አይ ነበር።»

ጽጌሬዳ እትዬ ተሾመች «ቆሞ ያላየው እኔን ብቻ ነው» ያሉትን አስታወሰች። አቶ ፈንታው እጇን ያዙና «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ። አመስጋኟ እኔ ነኝ ልትል ስትል እንባዋ ቀደማት። በዚያ ድንኳን ሥር አንገቷን ሳትደፋ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኮሚቴው እስካሁን አልተሰበሰበም። ሐዘን የደረሰበት ቤት ሁሉ የሚጠይቀው አሮጌውን ነው፤ በነጩ ቡና ይሸፈንበታል። አቶ ፈንታውም መንገዳቸውን ጀምረዋል፤ አሁንም ደንበኛ ያስጠብቃሉ፣ ባጃጅ ያስቆማሉ። ጃንጥላው የዘገየ ቀን ጽጌሬዳ መቀሷን አስቀምጣ በሯ ላይ ትወጣና መንገዱን ታያለች።